የማውጫ ሞጁል ሲቋረጥ፦ የካርቲየ 1 ስሞችና የፊደል ጥያቄ

የተቋማትን አባላት ስምና አድራሻ የሚይዙ የኮምፒውተር ማውጫዎች በአብዛኛው ኤልዳፕ በተባለው ፕሮቶኮል ይጠየቃሉ። የድር ስክሪፕት እነዚህን ማውጫዎች የሚያነበው በሞጁል አማካይነት ነው። ሞጁሉ ሲቋረጥ ጉዳዩ የቴክኒክ ባለሙያ ብቻ ይመስላል። ሶማልኛ፣ አፋርኛ፣ ዐረብኛና ፈረንሳይኛ በሚነገሩባት ጅቡቲ ከተማ ግን አንድ አማርኛ ተናጋሪ የካርቲየ 1 ነዋሪ ስሙ በላቲን፣ በዐረብና በኢትዮጵያ ፊደል ሊጻፍ ስለሚችል፣ ጉዳዩ የቋንቋ ባለሙያንም ይመለከታል።

ምርመራው የሚጀምረው ግንኙነቱን ከፍለጋው በመለየት ነው። በላቲን ፊደል የተጻፈ ስም ሲፈለግም ሞጁሉ የሚቋረጥ ከሆነ የፕሮቶኮሉ ስሪት ይመርመር። የፒኤችፒ ሞጁል ስሪቱ ካልተነገረው በስሪት 2 ሊጠይቅ ይችላል፤ የኦፕንኤልዳፕ አገልጋይ ደግሞ በተለይ ካልተፈቀደለት ይህን ስሪት አይቀበልም። በ1997 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ስሪት 3 ጽሑፍን በዩቲኤፍ-8 ያስተላልፋል።

የላቲኑ ስም ተገኝቶ በኢትዮጵያ ፊደል የተጻፈው ሲያቋርጥ ግን ምክንያቱ ከባይት አቆጣጠር ይፈለጋል። በ1999 (እ.ኤ.አ.) በዩኒኮድ 3.0 የተካተተው የኢትዮጵያ ፊደል በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ 3 ባይት ይወስዳል፤ «ሐሰን» 3 ፊደል ቢሆንም 9 ባይት ነው። ባይት የሚጠብቅ የፐርል ተግባር ወደ ባይት ያልተለወጠ ፊደል ሲደርሰው ሥራውን ሊያቋርጥ ይችላል። ስሙ አንድ ጊዜ ብቻ መለወጥ አለበት፤ ሁለት ጊዜ ከተለወጠ የማይነበብ ይሆናል።

ከመቋረጥ የሚከፋው ግን ያለምንም ስሕተት «አልተገኘም» የሚል ምላሽ ነው። ማውጫው ሀን፣ ሐንና ኀን እንደ ተለያዩ ፊደላት ስለሚቈጥር፣ «ሐሰን» ተብሎ የተመዘገበ ሰው «ሀሰን» ተብሎ ሲፈለግ አይገኝም። የኤልዳፕ የሰው መደብ የቤተሰብ ስምን ግዴታ ማድረጉም ሌላ ዕንቅፋት ነው፤ ከራስ ስም ቀጥሎ የአባት ስም በሚጠራበት ባህል በዚያ ቦታ የሚገባው የአባት ስም ነው።

ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ ማምጣት ለአማርኛ ይበጃል፤ ሀና ሐ የተለያዩ ድምፆች ለሆኑበት ለትግርኛ ግን ስም ከስም ያደባልቃል። የሐን ድምፅ ሶማልኛ በላቲኑ ኤክስ፣ አፋርኛ በሲ ይጽፉታል፤ በሶማልኛ ሲ የዐይን ድምፅ ነው። ስለዚህ ማውጫው ባለቤቱ የጻፈውን ስም ሳይነካ ይዞ፣ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ሁለተኛ ቅርጽ በየቋንቋው ደንብ መሠረት ሊጨምር ይገባዋል። ይህን ደንብ ማርቀቅ የየቋንቋውን ሥርዓተ ድምፅ የሚያውቅ ባለሙያ ድርሻ ነው።