ከስንጥቁ በፊት፦ የጋራ ግድግዳና የጎረቤት መብት በባሕር ዳር

ፋሲሎን በመሳሰሉ የባሕር ዳር ሰፈሮች የጭቃ ቤት ፈርሶ በቦታው ፎቅ ሲጀመር ጣጣው ቀድሞ የሚታየው ድንበር ላይ ነው። አንዱ ለኮለን መሠረት ሲቆፍር የሌላው ግድግዳ፣ ብዙ ጊዜም በቂ የድንጋይ መሠረት የሌለው የማገርና የጭቃ ግድግዳ፣ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ይቀራል። በጣና ዳርቻ የከርሰ ምድር ውኃ ቅርብ ነው፤ ዋልካ አፈር ባለበት ቦታ ደግሞ መሬቱ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይኮማተራል። ስለዚህ ከመስኮት ጥግ ተነሥቶ በሰያፍ የሚወጣ ስንጥቅ ሲታይ ቆፋሪው «ድሮም ነበረ» ይላል፣ ጎረቤቱ «ትናንት የመጣ ነው» ይላል፤ ሁለቱም እውነት ሊመስሉ ይችላሉ። ሕጋችን ጎረቤትን ጉዳት ከደረሰ በኋላ በሚገባ ይክሳል፤ ድክመቱ ጉዳቱ ከመድረሱ በፊት ማስረጃ የሚያስይዝ ቋሚ ሥርዓት ማጣቱ ነው።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በዚህ ረገድ ደሃ አይደለም። አንቀጽ 1225 ባለሀብት ጎረቤቱን ከመልካም ጉርብትና ወሰን አልፎ በጭስ፣ በድምፅ፣ በንዝረት እንዳያውክ ይከለክላል። አንቀጽ 2077 የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ላደረሰው ጉዳት፣ ጉዳቱ አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችል ቢሆን እንኳ፣ ኃላፊ ያደርገዋል። ይዞታው የታወከበት ሰው ደግሞ በአንቀጽ 1149 ሁከት እንዲወገድለት በሁለት ዓመት ውስጥ መክሰስ ይችላል። ግድግዳው የጋራ ሲሆን ከአንቀጽ 1257 ጀምሮ ያሉት የጋራ ባለሀብትነት ደንቦች ይመጣሉ። ነገሩን ያወሳሰበው ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ታሪክ ነው። በ1967 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶች የመንግሥት ሲሆኑ አንድ ግቢ ለብዙ አባወራ ተከፋፈለ፤ የቀበሌ ቤት ተከራይና የግል ባለቤት አንድ ግድግዳ ተጋርተው መኖር ጀመሩ። እዚያ ላይ ስለ ግድግዳው የሚስማማው ተከራዩ ሳይሆን ቤቱን የሚያስተዳድረው አካል መሆኑ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። የኮንዶሚኒየም አዋጅ ቁጥር 370/1995 ለጋራ ሕንፃ፣ የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818/2006 ለድንበር መልስ አላቸው፤ ለአሮጌው የግቢ ግድግዳ ግን ሁለቱም በቂ አይደሉም።

የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕንፃዎችን ሀ፣ ለ እና ሐ ብሎ መድቦ ፈቃዱንና ቁጥጥሩን ለሕንፃ ሹም ሰጥቷል። የግንባታን ደኅንነት ማስከበሩ ትልቅ ነገር ነው። ቢሆንም የፈቃዱ ንግግር በሹሙና በአመልካቹ መካከል የሚካሄድ ነው፤ ጎረቤቱ ወሬውን የሚሰማው ቁፋሮው ሲጀመር ነው። በአንጻሩ በእንግሊዝና በዌልስ በ1996 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) የወጣው የጋራ ግድግዳ ሕግ በጋራ ግድግዳ ላይ ለመሥራት የሁለት ወር፣ አጠገብ ለመቆፈር የአንድ ወር የጽሑፍ ማስታወቂያ ይጠይቃል፤ ጎረቤቶቹ ካልተስማሙ ባለሙያ ይወስናል።

እኛም ከቁፋሮ በፊት ለጎረቤት ማስታወቅንና የግድግዳውን ሁኔታ በጽሑፍ መያዝን ግዴታ እናድርግ ሲባል «ይህ ለምቀኛ ጎረቤት ዱላ ማቀበል ነው» የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ማስታወቅ ግን ማስፈቀድ አይደለም፤ በእንግሊዙም ሕግ ጎረቤት ሕጋዊ ሥራን በእምቢታ ብቻ ማስቀረት አይችልም። ወጪውስ? ለአነስተኛ ቤት የግድግዳው ፎቶ፣ የስንጥቁ ስፋትና የአሸንዳው አቅጣጫ የሰፈሩበት፣ ሁለቱም ወገኖችና ምስክሮች የፈረሙበት አንድ ወረቀት ይበቃል። የፈረሰ ግድግዳ ከሚጠይቀው ብሎኬት፣ ሲሚንቶና የፍርድ ቤት ምልልስ ጋር የሚወዳደር ወጪ አይደለም። ከሁሉ የሚከብደው «ሽማግሌ አለን» የሚለው ነው፤ እኔም ሽምግልናን አልንቅም፣ ጉርብትናን የሚያድነው እሱ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉም ተዋዋዮች በስምምነት ክርክር እንዲጨርሱ ይፈቅዳል። ሆኖም ሽማግሌ ሰውን ያስታርቃል እንጂ ስንጥቁ መቼ እንደጀመረ ሊያውቅ አይችልም። ያ ወረቀት በእጁ ሲገባ ግን ካሣውን በይሉኝታ ሳይሆን በጉዳቱ ልክ ይቆርጣል፤ የከተማው የሕንፃ ሹምም ወረቀቱ ከፈቃድ ማመልከቻው ጋር ተያይዞ እንዲቀርብ ቢጠይቅ ለድንበር ቅርብ ቁፋሮ ሁሉ ጥሩ መነሻ ይሆናል።