በየሁለት ወሩ የሚረዝም ምንቃር

በአቡዳቢና በአል አይን ብዙ ቤቶች ውስጥ፣ ከሳሎኑ ጥግ ወይም ከኩሽናው አጠገብ፣ በሽቦ ቤት የተቀመጠ በቀቀን አይጠፋም። አረቦቹ ካስኮ የሚሉት፣ ሰውነቱ ግራጫ ጅራቱ ቀይ የሆነው የአፍሪካ በቀቀን በተለይ ይወደዳል፤ የሰው ንግግር በመቅዳት የሚያህለው ጥቂት ነው። የሚያበላው፣ ውሃውን የሚቀይርለትና ቤቱን የሚያጸዳለት ግን አብዛኛውን ጊዜ ገንዘብ ከፍሎ የገዛው ሰው አይደለም። የቤቱ ሠራተኛ ናት፤ ከእነዚህ ሠራተኞች መካከል ደግሞ የአገራችን ልጆች ብዙ ናቸው። ስለዚህ ምንቃሩ መርዘሙን፣ መሰንጠቁን ወይም መጣመሙን ቀድማ የምታየው እሷ ናት። ይቆረጥለታል፣ ወፉ ደህና ይመስላል፤ ሁለት ወር ሳይሞላ ምንቃሩ እንደገና ይረዝማል። ማስቆረጥ ልማድ ይሆናል፤ ለምን እንደሚረዝም የሚጠይቅ ግን አይገኝም።

ምንቃር ከላይ እንደሚታየው ደረቅ ነገር ብቻ አይደለም። ውስጡ አጥንት ነው። አጥንቱን የሚሸፍነው ኬራቲን ነው፤ ጥፍርም ቀንድም የሚሠሩት ከዚሁ ነው። በሁለቱ መካከል የደም ሥርና ነርቭ የበዛበት ስስ ሥጋ አለ፤ ኬራቲኑን ዕድሜ ልክ ሳያቋርጥ የሚያመርተው ይህ ሥጋ ነው። በትልልቅ በቀቀኖች የላይኛው ምንቃር ሽፋን ከሥሩ እስከ ጫፉ ሙሉ በሙሉ ለመተካት ስድስት ወር ገደማ ይፈጃል፤ የታችኛው ከዚያ ይፈጥናል። እንግዲህ ዛሬ ጫፉ ላይ የሚታየው ስንጥቅ ወይም ልስልስነት ከወራት በፊት ሥሩ ላይ የተጀመረ ሊሆን ይችላል።

በቀቀን ያለ ምንቃር ምንም ማድረግ አይችልም ማለት ይቀላል። የላይኛው ምንቃር ከራስ ቅሉ ጋር በማጠፊያ ስለተያያዘ ለብቻው ወደ ላይ ይነሳል፤ ጠንካራ ፍሬ የሚሰነጥቅበት ኃይል ከዚህም ይመጣል። ጫፉ ንክኪ በሚለዩ ነርቮች የተሞላ በመሆኑ ወፉ ፍሬውን በምላሱና በምንቃሩ እያገላበጠ ይመረምራል። ሲወጣም እንደ ሦስተኛ እግር ይጠቀምበታል። በ2022 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የታተመ ጥናት የፍቅር ወፍ የሚባሉት ትንንሽ በቀቀኖች ቀጥ ባለ ግድግዳ ላይ ሲወጡ ራሳቸውን የሚገፉት በእግራቸው ብቻ ሳይሆን በምንቃራቸውም እንደሆነ ለክቶ አሳይቷል። ምንቃሩ የታመመ ወፍ ምግቡም፣ እርምጃውም፣ ላባውን ማበጠሩም አብሮ ይታመማል።

አቡዳቢ ውስጥ የወፍ ሕክምና ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠራው የአቡዳቢ የጭልፊት ሆስፒታል ነው። በ1999 ተከፈተ፤ የሚገኘውም ከዓለም አቀፉ አውሮፕላን ማረፊያ ብዙ ሳይርቅ በስዊሐን መንገድ ላይ ነው። ጀርመናዊቷ የእንስሳት ሐኪም ዶክተር ማርጊት ሙለር በ2001 መሪነቱን ተረክበው ስሙ በዓለም እንዲታወቅ አድርገዋል። በዓመት ከ10 ሺህ በላይ ጭልፊቶች ይታከሙበታል። መጀመሪያ ለጭልፊት ብቻ ታስቦ ቢሠራም ከ2006 ጀምሮ ለሌሎች ወፎችም በሩን ከፍቷል። ጎብኚ ገብቶ ሥራውን ማየት ይችላል፦ ዓይኑ በቆዳ ቆብ የተሸፈነ ጭልፊት ይመጣል፣ ማደንዘዣ ጋዝ አፍንጫው ላይ ይደረግለታል፣ ወዲያው ይተኛል። ሐኪሙ በሚሽከረከር የኤሌክትሪክ ሞረድ ጥፍሩንና ምንቃሩን ያስተካክላል። ጥቂት ቆይቶ ወፉ ነቅቶ መቆሚያው ላይ ይወጣል።

ዱር ያለ ጭልፊት አጥንት ሲሰብርና ምንቃሩን ከድንጋይ ጋር ሲያሻሽ ራሱን በራሱ ይሞርዳል። በሰው እጅ ያለው ይህ ስለሚጎድለው በየጊዜው መሞረድ አለበት፤ ለእሱ መደበኛ እንክብካቤ ነው። ይህን ያየ ሰው የበቀቀኑም ነገር ያው ነው ቢል አይፈረድበትም። ግን ሁለቱ ይለያያሉ። ጤነኛ በቀቀን የሚያኝከው እንጨት ካገኘ ምንቃሩን ራሱ ይጠብቃል፤ ማታ ከመተኛቱ በፊት የላይኛውንና የታችኛውን እያፋጨ የሚያሰማው ድምፅ አንዱ መሞረጃው ነው። እንጨት እያለው፣ እያኘከም፣ ምንቃሩ በየሁለት ወሩ ከመጠን በላይ የሚረዝም ከሆነ ችግሩ የሚገኘው ምንቃሩ ላይ ሳይሆን አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ቦታ ነው። ጣሪያው እያፈሰሰ ግድግዳ መቀባት እንደማለት ነው መቁረጡ ብቻ።

ያ ሌላ ቦታ በብዙ ወፎች ጉበት ነው። የሽቦ ቤት በቀቀን በአብዛኛው የሚኖረው በደረቅ ፍሬ ነው፤ ከፍሬውም የሱፍ አበባ ፍሬ መርጦ ይበላል። የተላጠው የሱፍ አበባ ፍሬ ግማሽ ያህሉ ስብ ነው። በዱር ቀኑን ሙሉ እየበረረ ምግቡን የሚፈልግ ወፍ ይህን ስብ ያቃጥለዋል፤ ከመቆሚያው እስከ ሳህኑ ሁለት እርምጃ ያለው ወፍ ግን ጉበቱ ላይ ያከማቸዋል። ባጄሪጋር የሚባሉት ትንንሽ በቀቀኖችና ከደቡብ አሜሪካ የመጡት አረንጓዴዎቹ አማዞን በቀቀኖች ለዚህ በተለይ ይጋለጣሉ። ጉበት ሲታመም የኬራቲኑ አመራረት ይዛባል፤ ምንቃሩ ይረዝማል፣ ይለሰልሳል፣ ይላላጣል። ደም የማርጋት አቅምም ስለሚቀንስ ምንቃሩና ጥፍሩ ላይ ከሽፋኑ ሥር የፈሰሰ ደም እንደ ጥቁር ነጠብጣብ ይታያል። ረዥም ምንቃርና ጥቁር ነጠብጣብ አንድ ላይ ከታዩ ጉዳዩ ለነገ የሚባል አይደለም።

ፍሬ ብቻ መብላት ሌላም ጉድለት ያመጣል። ፍሬ ውስጥ ቫይታሚን ኤ እጅግ ጥቂት ነው። እሱ ሲጎድል የአፍ፣ የአፍንጫና የምንቃር ሽፋን ይደነድናል፣ ይሻክራል፤ አፉ ውስጥ ነጭ ጓጓላ ይወጣል፤ አፍንጫው ይደፈናል። ካልሲየምም እንዲሁ ይጎድላል፤ ካስኮ በዚህ በኩል ከሌሎቹ ይልቅ ደካማ ነው፣ ሲጎድለው እስከ መንቀጥቀጥ ያደርሰዋል። ካልሲየሙ ወደ ሰውነት እንዲገባ ደግሞ ፀሐይ ያስፈልጋል። እንግዲህ ፀሐይ በሞላበት አገር ፀሐይ ያጣ ወፍ መኖሩ የሚያሳዝን ነገር ነው። በሞቃቶቹ ወራት ሙቀቱ ከ45 ዲግሪ ስለሚያልፍ ወፉ ወራቱን በአየር ማቀዝቀዣ ክፍል ያሳልፋል፤ በመስኮት የሚገባው ብርሃንም አይጠቅመውም፣ ለቫይታሚን ዲ የሚያስፈልገውን ጨረር መስታወቱ ያስቀረዋልና። ከኅዳር እስከ መጋቢት ባሉት ቀዝቃዛ ወራት፣ ጥላ ያለበት ቦታ ተመርጦ፣ የሽቦ ቤቱ በደንብ ተቆልፎ ጠዋት ጠዋት ውጭ ቢቀመጥ ይጠቅመዋል። ይህ ካልተቻለ ለወፍ የተሠራ አምፖል አለ።

ባጄሪጋር ላይ አፍንጫውንና ምንቃሩን ከበብ አድርጎ እንደ ስፖንጅ የተበሳሳ ቅርፊት ከታየ የእከክ ተባይ ነው፤ በመድኃኒት ይድናል፣ ቆይቶ ከታየ ግን ምንቃሩ ጠምሞ ይቀራል።

ከሁሉም የሚከፋው ቫይረስ ነው። የምንቃርና የላባ በሽታ የሚባለው ይህ ሕመም በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአውስትራሊያ ኮካቱ በሚባሉ ነጫጭ በቀቀኖች ላይ ታወቀ፤ ከዚያ በኋላ በወፍ ንግድ በኩል በዓለም ተዳርሷል። ላባን የሚያበቅሉትንና ኬራቲን የሚሠሩትን ሴሎች ያጠቃል፣ የመከላከያ አቅምንም ያዳክማል፤ መድኃኒት የለውም። ኮካቱና ካስኮ ከላባቸው የሚወጣ ነጭ ዱቄት መሰል ነገር ስላላቸው ጤነኛ ሲሆኑ ምንቃራቸው አቧራ የነካው ይመስላል። ሲወለወል የሰነበተ ያህል ጥቁሩ የሚያብረቀርቅ ከሆነ ዱቄቱ ቀርቷል ማለት ነው፤ ብዙ ሰው "እንዴት አማረበት!" የሚለው ይህ ውበት የመጀመሪያው ምልክት ሊሆን ይችላል። ከላባ ወይም ከደም በሚወሰድ ናሙና ይመረመራል። አዲስ ወፍ ከገበያ ሲገዛ ቤት ካለው ጋር ከመቀላቀሉ በፊት ይህ ምርመራ ቢደረግ ስንት ወፍ በዳነ ነበር።

በጫጩትነቱ የተጣመመ፣ የላይኛው ወደ አንድ ጎን የታችኛው ወደ ሌላ ጎን የሄደ ምንቃርም አለ። አጥንቱ ለስላሳ ሳለ ሐኪም በትንሽ መደገፊያ ያቃናዋል። ባደገ ወፍ ላይ ግን በአብዛኛው አይቃናም፤ መውደቅ ወይም የሌላ ወፍ ንክሻ ሥሩን ያበላሸበትም እንዲሁ ነው። ለእነዚህ ዕድሜ ልክ እየጠበቁ መሞረድ ራሱ ሕክምናቸው ነው፤ ሊያፍሩበት የሚገባ ነገር የለውም።

ቤት ውስጥ በጥፍር መቁረጫ መቁረጥን በተመለከተ ሐሳቤ ቁርጥ ያለ ነው፦ አይደረግም። የደም ሥሩ እስከ የት እንደሚደርስ ከውጭ አይታይም፤ በረዘመ ምንቃር ውስጥ አብሮ ረዝሞ ሊሆን ይችላል። መቁረጫው ኬራቲኑን እስከ ሥሩ ሊሰነጥቀው ይችላል። ወፍ ያለው ደም የክብደቱ አሥር በመቶ ገደማ ነው፤ ለካስኮ 40 ሚሊ ሊትር ያህል፣ ለባጄሪጋር ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሊትር ብቻ። ለእኛ ኢምንት የሆነው የደም ጠብታ ለእሱ ብዙ ነው። በፎጣ ጠቅልሎ ደረቱን መጫንም ይገድለዋል፤ ወፍ እንደ እኛ ድያፍራም የለውም፣ የሚተነፍሰው ደረቱን ከፍ ዝቅ እያደረገ ነው። በአጋጣሚ ከደማ የበቆሎ ስታርች ወይም ዱቄት ቦታው ላይ በቀስታ መያዝ፣ ወዲያውም ወደ ሐኪም መሄድ።

ሐኪሙ ዘንድ ሲደርስ መጠየቅ ያለበት "ይቆረጥልኝ" ብቻ አይደለም። የጉበት የደም ምርመራ፣ እንደ አስፈላጊነቱ ራጅ፣ የቫይረሱ ምርመራ ይደረግለት ማለት ያስፈልጋል። በአል አይን የሚኖሩም ቢሆኑ ወፍ የሚያውቅ ሐኪም መሆኑን አስቀድመው በስልክ ይጠይቁ፤ የውሻና የድመት ሐኪም ሁሉ የወፍ ሐኪም አይደለም፣ እስከ አቡዳቢ ያለው የ160 ኪሎ ሜትር መንገድም አንዳንዴ የሚያዋጣ ነው።

እዚህ ላይ የሠራተኛዋ ድርሻ ትልቅ ነው። በቀቀን ሕመሙን ይደብቃል፤ ደክሞ ሲቀመጥ ነገሩ ገፍቷል። ዕለት ዕለት የምታየው እሷ፣ በኩሽና ሚዛን በየሳምንቱ ክብደቱን ብትመዘግብ፣ በየወሩ መጀመሪያ ምንቃሩን ከጎን በስልኳ ብታነሳ፣ ለሐኪሙ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም። ማዳምም "ሁሌም እንዲህ ነው" ካለቻት፣ የጥርና የመጋቢት ፎቶ ጎን ለጎን ሲታይ ክርክሩ ያጥራል። ወፉ የቤቱ ነው፤ የሚያውቀው ግን የእሷን እጅ ነው፣ ቃሏም ሊሰማ ይገባል።

ምግቡ ላይ እኛ አገራችን የምናውቀው ብዙ ይረዳል። ጎመን፣ ካሮት፣ ዱባ፣ የተቀቀለ ስኳር ድንች ለቫይታሚን ኤ የሚያህላቸው የለም። ቀይ ቃሪያም ይሰጠው፤ የሚፋጅ ቢሆን እንኳ ወፍ ማቃጠሉ አይሰማውም። የተዘጋጀ በርበሬ ግን አይሆንም፣ ጨውና ሽንኩርት አለበትና። ፍሬውን በአንድ ቀን ማንሳት አደገኛ ነው፤ ብዙ በቀቀን አዲሱን የተዘጋጀ ምግብ ምግብ መሆኑን ስለማያውቅ ሳህኑ ሞልቶ ይራባል። በሳምንታት ውስጥ፣ ክብደቱ እየታየ፣ ፍሬው በጥቂት በጥቂቱ ይቀነስ። አቮካዶ ፈጽሞ አይነካ፤ ለእኛ የጭማቂ ንጉሥ ቢሆንም ወፍን ይገድላል። ቡናና ቸኮሌትም እንዲሁ።

ከምንቃሩ ወጣ ብዬ አንድ ነገር ልጨምር፣ ስለሚያሳስበኝ። የማያጣብቀው መጥበሻ ባዶውን ከመጠን በላይ ሲግል የሚያወጣው ሽታ የሌለው ጋዝ በቀቀንን በደቂቃዎች ውስጥ ይገድላል። ቡና በእንዲህ ያለ መጥበሻ መቁላት፣ ዕጣን ወይም የአረቦቹን ቡኹር ወፉ ባለበት ክፍል ማጨስ ለሳንባው አይሆንም። ቡና ሲቆላ ወፉ ሌላ ክፍል ይግባ፣ በሩም ይዘጋ።

ቤተሰቡ አገር ሲለቅ ካስኮውን ለሠራተኛዋ ትቶላት፣ እሷም ወደ አዲስ አበባ ይዛው ልትመጣ ስትመኝ ይሰማል። ካስኮ ከጥር 2017 ጀምሮ የዱር እንስሳትን ንግድ በሚቆጣጠረው በሳይተስ ዓለም አቀፍ ስምምነት ከፍተኛው ጥበቃ በሚደረግላቸው እንስሳት ዝርዝር ውስጥ ነው፤ ድንበር ለማለፍ የኤምሬትስንና የኢትዮጵያን ፈቃድ ይጠይቃል፤ በእኛ በኩል የሚመለከተው የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። የቫይረሱ ምርመራም ከመነሳቱ በፊት መደረግ አለበት። ምክንያቱም እኛ የራሳችን በቀቀኖች አሉን፦ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘው ግንባሩ ቢጫ በቀቀን፣ እንዲሁም በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋዎች የጥድ ፍሬ የሚለቅመው ክንፈ ጥቁሩ የፍቅር ወፍ። ታሞ የመጣ አንድ ካስኮ ነጻ ይውጣ ተብሎ ዛፍ ላይ ቢለቀቅ፣ እሱ ምግቡን ማግኘት ስለማያውቅ ይሞታል፤ በሽታው ግን እነርሱ ዘንድ ሊቀር ይችላል።