ቤት አይረክስም ይባላል፤ ታዲያ ለምን አይሸጥም?

ቆቦ ላይ ቤቱን ለሽያጭ አውጥቶ ዓመት ከመንፈቅ የጠበቀ ሰው የሚሰጠው ምክንያት ብዙ ጊዜ ከሦስት አያልፍም፦ ገበያው ሞቷል፣ ደላላው አበላሽቶታል፣ ሰላም ሲመጣ ይስተካከላል። ሦስቱም ከእውነት የራቁ አይደሉም። ነገር ግን ከሦስቱም ሥር አንድ እምነት አለ፤ እሱም ቤት ምንጊዜም ዋጋው አይወርድም፣ ቢቆይ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም የሚለው ነው። ይህ እምነት ግማሽ ተረት ነው። በቆቦና በራያ ቆላ የቤት ዋጋ ወርዷል። የወረደው ግን ሻጩ በሚጠራው ቁጥር ሳይሆን ቁጥሩ በሚገዛው ነገርና በሚጠበቀው ጊዜ ስለሆነ ለዓይን አይታይም። ሻጩ የሚከራከረው ከገዢ ጋር ይመስለዋል፤ በአብዛኛው የሚከራከረው ግን ከጥቂት ዓመታት በፊት ከነበረ ዋጋ ጋር ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. የአገሪቱ ዓመታዊ የዋጋ ግሽበት 30 በመቶ ገደማና ከዚያም በላይ ነበር። በ2013 መጨረሻ 2 ሚሊዮን ብር የተጠራበት ቤት በ2015 መጨረሻም ያንኑ 2 ሚሊዮን ከተጠራበት፣ ባለቤቱ «አልቀነስኩም» ሊል ይችላል። ግሽበቱን በዓመት 30 በመቶ ብቻ ብንይዝ እንኳ ያ ገንዘብ የሚገዛው ከሁለት ዓመት በፊት 1 ሚሊዮን 180 ሺህ ብር ገደማ ይገዛ የነበረውን ነው። ማንም ቀንስ ሳይለው፣ ደላላም ሳይገባበት፣ ከዋጋው ከ40 በመቶ በላይ ሄዷል። ይህ ሰው በዚያው በመጀመሪያው ወር 1 ሚሊዮን 700 ሺህ የሚሰጥ ገዢ መጥቶለት «አላዋረድም» ብሎ መልሶት ከነበረ፣ 300 ሺህ አዳንኩ ብሎ ያጣው ከዚያ በእጅጉ ይበልጣል።

ሻጭ ለምን እንዲህ ያደርጋል? የስግብግብነት ጉዳይ አይደለም፤ የራያ ሰው ጠባይም አይደለም። ዴቪድ ጄኔሶቭና ክሪስቶፈር ሜየር የተባሉ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአሜሪካ ቦስተን የነበረውን የአፓርታማ ሽያጭ መርምረው በ2001 ባሳተሙት ጥናት ተመሳሳይ ነገር አግኝተዋል። ገበያው ከወረደ በኋላ ከገዙበት በታች ለመሸጥ የተገደዱ ባለቤቶች፣ ሊያገኙ በሚችሉትና በገዙበት ዋጋ መካከል ካለው ልዩነት ከ25 እስከ 35 በመቶ የሚሆነውን በመጠየቂያ ዋጋቸው ላይ ይጨምሩ ነበር። በመጨረሻ የተሳካላቸው ግን ከዚያው ልዩነት ከ3 እስከ 18 በመቶ የሚሆነውን ማግኘት ነው፤ ቤታቸውም ከሌሎቹ ዘግይቶ ነው የተሸጠው። እዚህ ላይ «እንግዲያማ የጠበቁት አተረፉ» የሚል ይኖራል። አዎ፣ በቦስተን ትንሽ አተረፉ። በዚያ አገር ግሽበቱ በዓመት ጥቂት በመቶ ስለነበር መጠበቅ ርካሽ ነበር። ያንኑ ትዕግሥት 30 በመቶ ግሽበት ባለበት አገር የሞከረ ሰው ያቺን ትንሽ ትርፍ በጥቂት ወራት ይበላታል።

«ገበያው ሞቷል» የሚለውም ቢሆን መፈታት አለበት። ቆቦ ላይ ቤት የሚገዛው ማን ነው? በባንክ ብድር የሚገዛ ሰው ከቁጥር የሚገባ አይደለም። በአገሪቱ በቤት ብድር ላይ ሊሠራ የተቋቋመው የመጀመሪያው የግል ባንክ፣ ጎሕ ቤቶች ባንክ፣ ሥራ የጀመረው በ2014 ዓ.ም. ነው። ብሔራዊ ባንክ ደግሞ በነሐሴ 2015 የባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ገደብ ጣለ፤ ገደቡ ቆየት ብሎ ወደ 18 በመቶ ቢላላም ነጋዴው ራሱ የሥራ ማስኬጃ ያጣበት ጊዜ ነበር። ስለዚህ ገዢው ጥሬ ገንዘብ ያለው ነው፤ እሱም በዋናነት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በሽንኩርት፣ በጤፍ፣ በማሽላና በከብት የሚነግደው የአካባቢው ሰው ሲሆን እጁ ላይ ገንዘብ የሚገባው እህል በሚሰበሰብበት ሰሞን ነው። ሁለተኛው ሳዑዲ ያለው ልጅ ነው። መንገድ ሲዘጋና ንግድ ሲቆም አንደኛው ይጠፋል። ሁለተኛው ደግሞ በአንድ የመንግሥት ውሳኔ ሊጠፋ ይችላል፤ በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ የብዙ ቤተሰብ የቤት ግንባታ ግድግዳ ላይ ቆሞ ቀርቷል።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ ሌላ አሳሳች ተስፋ አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ «አሁን ሪያል ያለው ሰው ሁሉ ቤት ይገዛል» ተብሎ ነበር። በወረቀት ሲታይ ያስኬዳል፤ ዶላር በባንክ ከ57 ብር ተነሥቶ በጥቂት ወራት ውስጥ 120 አካባቢ ሲደርስ፣ ሪያል ከ15 ብር ወደ 32 ብር ገደማ ወጣ ማለት ነው። ሆኖም ከጅዳ ገንዘብ የሚልከው ሰው ፊቱንም በ57 አልነበረም የሚልከው። የሐዋላው ገበያ ለዶላር ከ100 ብር በላይ ይሰጥ ስለነበር የእሱ አቅም የጨመረው ባንኩ እንደሚያሳየው እጥፍ አይደለም፤ በጥቂቱ ነው። ዋጋውን በዚህ ተስፋ የሰቀለ ሻጭ ያልመጣ ገዢ ሲጠብቅ ከረመ።

«ዛሬ ይህን ቤት ልሥራው ብል ስንት ያወጣል?» የሚለው ክርክር ከሁሉም የሚከብድ ነው፤ ምክንያቱም እውነትነት አለው። ብረቱ፣ ሲሚንቶው፣ ቆርቆሮው ሁሉ ንሯል። ግን የመሥሪያ ወጪ ዋጋን ወደ ላይ የሚደግፈው ገዢው «ልግዛ ወይስ ልሥራ» ብሎ በሚያማርጥበት ጊዜ ነው። ሰው መሥራቱንም ባቆመበት ወቅት፣ ገዢው የሚያማርጠው በመግዛትና ገንዘቡን ደሴ ወይም አዲስ አበባ በማሸሽ መካከል ነው። ደግሞም የሚገዛው አዲስ ቤት አይደለም። ቆላ ላይ ቤት የሚያይ ሰው ምን እንደሚያደርግ ማስተዋል ነው፦ መጀመሪያ ቋሚውን እንጨት በጣቱ አንጓ መታ መታ ያደርጋል፤ ምስጥ የበላው እንጨት ድምፁ ባዶ ነው። ቀጥሎ ቀና ብሎ ኮርኒስ መኖሩን ያያል፤ ራቁት ቆርቆሮ የሚያወርደውን የቀትር ሙቀት ያውቀዋልና። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የግድግዳውን እግር ይመለከታል፣ ከተራራው የወረደ ጎርፍ የተወው የጭቃ መስመር እስከ የት እንደደረሰ። ሻጩ በአዲስ ብሎኬት ዋጋ ሲያስብ ገዢው በእነዚህ ሦስት ነገሮች እየቀነሰ ነው። ኮርኒሱን አስመትቶና የጎርፍ መውረጃውን ቆፍሮ የሚያቀርብ ሰው ብዙ ጊዜ ካወጣው በላይ ያስመልሳል፤ «እንዳለ ውሰደው» የሚል ሰው ግን ገዢው የጥገናውን ዋጋ አጋንኖ እንዲገምት ፈቀደለት።

ደላላውን በተመለከተ ሕዝቡ የሚያማው በተሳሳተ ጥፋት ነው። «ዋጋ የሚሰቅለው እሱ ነው» ይባላል። ጥቅሙን ተመልከቱ፦ ከመቶ ሁለት የሚያገኝ ደላላ ቤቱ በ2 ሚሊዮን ቢሸጥ 40 ሺህ፣ በ1 ሚሊዮን 800 ሺህ ቢሸጥ 36 ሺህ ያገኛል። ለ4 ሺህ ብር ልዩነት ስድስት ወር የሚጠብቅበት ምክንያት የለም፤ የሚበጀው ቶሎ ማገጣጠም ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ስቲቨን ሌቪትና ቻድ ሲቨርሰን በቺካጎ አካባቢ አጥንተው ያሳተሙት ይህንኑ ያሳያል፤ ደላሎች የራሳቸውን ቤት ሲሸጡ ከደንበኞቻቸው ቤት በ3.7 በመቶ ገደማ አስበልጠው ይሸጣሉ፣ ዘጠኝ ቀን ተኩል ያህልም ይበልጥ ይታገሣሉ። እዚህም ቢሆን ደላላው መጀመሪያ ከፍ ያለ ቁጥር የሚጠራው ሥራውን ከሌላ ደላላ ለመቅደም ነው፤ ቆይቶ «ቀንስ» ማለቱ አይቀርም። ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው፦ አንድ ቤት ለአምስት ደላላ ሲሰጥ በአምስት ዋጋ ይዞራል፤ ገዢውም ሦስተኛውን ዋጋ ሲሰማ ቤቱ ችግር አለበት ብሎ ይደመድማል።

ችግር ደግሞ ብዙውን ጊዜ አለ፤ ከግድግዳው ሳይሆን ከወረቀቱ። «ቤቱ የኔ ለመሆኑ ሰፈሩ ሁሉ ምስክር ነው» የሚለው ሻጭ ያልገባው፣ የሰፈሩ ምስክርነት የመንደር ውል ከማድረግ አልፎ ስም እንደማያዛውር ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ፊት እንዲደረግ ይጠይቃል፤ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎትም በመዝገብ ቁጥር 21448 ይህንን አጥብቆታል። ቤቱ የባልና ሚስት የጋራ ከሆነ የሁለቱም ፈቃድ ያስፈልጋል። ባለቤቱ ሪያድ ከሆነና ወንድሙ በውክልና የሚሸጥለት ከሆነ፣ በአንቀጽ 2205 መሠረት ለአስተዳደር የተሰጠ ጠቅላላ ውክልና አይበቃም፤ መሸጥን የሚፈቅድ ልዩ ውክልና ያሻል። ሌላም አለ፤ በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ነባር ይዞታ ከውርስ ውጪ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ ገዢው የሚይዘው በሊዝ ነው። ሻጩ ያለ ሊዝ ሲኖርበት ስለነበር አያስበውም፤ ገዢው ግን ማዘጋጃ ቤት ጠይቆ የሚመጣበትን ክፍያ ከዋጋው ላይ ይቀንሳል። ይህን የሚያውቅ ገዢ «ሰነፍ» ወይም «ዋጋ ሰባሪ» ይባላል፤ የሚሠራው ግን ተራ ሒሳብ ነው። በፈጣን ገበያ እንዲህ ዓይነቱ ጉድለት ይታለፋል፤ ገዢ ባነሰበት ገበያ ግን ካርታው የጸዳው ቤት መጀመሪያ ይሸጣል፣ ሌላው ወረፋ ይይዛል።

አሁን ወደ ጠንካራው ተቃውሞ እንምጣ። «ብር ይቀልጣል፣ ቤት አይቀልጥም፤ ሸጬ ብሩን ባንክ ባስቀምጠው የበለጠ አልከስርም?» የሚል ሰው ትክክል ነው። የባንክ ቁጠባ ዝቅተኛ ወለድ ከ2010 ጀምሮ 7 በመቶ ነው፤ ግሽበቱ ከዚያ በላይ በሄደባቸው ዓመታት ብር ማስቀመጥ ኪሳራ ነበር። ስለዚህ ገንዘቡ የማያስፈልገው ሰው አይሽጥ። ይህ ክርክር ግን ለሌላው ሻጭ አይሠራም፤ ለሚታከመው፣ ዕዳ ላለበት፣ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ቤት ሊገዛ ለሚፈልገው። እሱ ብሩን አያስቀምጥም፤ በዚያው ሳምንት ወደ ሌላ ነገር ይቀይረዋል። የእሱ ጥያቄ በቤትና በብር መካከል ሳይሆን በቆቦው ቤትና ሊገዛው ባሰበው ነገር መካከል ነው። ያ ነገር ከቆቦው ቤት ፈጥኖ የሚወደድ ከሆነ፣ እያንዳንዱ የጥበቃ ወር ልዩነቱን ያሰፋበታል።

የሰላሙ ተስፋ ይቀራል። ቆቦ በ2013 ክረምት በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገብታ እስከ ታኅሣሥ 2014 ቆየች፤ ነሐሴ 2014 ጦርነቱ ሲያገረሽ ቀዳሚው ግንባር እዚያው አካባቢ ነበር። የጥቅምት 2015ቱ የፕሪቶሪያ ስምምነት ትንፋሽ ቢሰጥም ዓመት ሳይሞላው በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተቀሰቀሰ። በእንዲህ ያለ ቦታ ሰላም ሲሰፍን የቤት ዋጋ እንደሚነቃቃ አያጠያይቅም። የሚዘነጋው ግን ያንኑ ቀን የሚጠብቀው አንድ ሰው አለመሆኑ ነው። ለመሸጥ ያሰበው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ገበያ ሲወጣ፣ በመጀመሪያው ወቅት የሚበዛው ገዢ ሳይሆን የሚሸጥ ቤት ይሆናል፤ የጥሬ ገንዘብ ባለቤትም ማማረጥ የሚጀምረው ያኔ ነው።

መጠበቅን በእውነት የመረጠና የሚችል ባለቤት ካለ ቤቱን ከደላሎች እጅ ማውጣት አለበት። ሁለት ዓመት ሙሉ «የሚሸጥ ነው» ሲባል የኖረ ቤት፣ ዋጋው ትክክል ቢሆን እንኳ፣ አዲስ የመጣ ገዢ መጀመሪያ የሚጠይቀው «እስከ ዛሬ ለምን አልተሸጠም?» ብሎ ነው። ያከራየው፤ ኮርኒሱን ያስመታ፤ ካርታው የአባቱ ስም ላይ ከሆነ የውርስ ማረጋገጫውን አውጥቶ ወደ ስሙ ያዛውር፤ ጅዳ ያለ ወንድም ድርሻ ካለው ልዩ ውክልናውን ከወዲሁ ከቆንስላ ያስልክ። እነዚህ ሥራዎች ወራት ይወስዳሉ፤ ቀብድ ከተቀበሉ በኋላ የሚጀመሩ ከሆነ ደግሞ አደጋ አላቸው፦ በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ ተቀብሎ ውሉን የሚያፈርስ ሻጭ የሚመልሰው እጥፉን ነው።