የአሬይ ፕሮግራም ቋንቋን ለመማር የትኛውን መጽሐፍ እንምረጥ?

አንድ ተማሪ የ4 ፈተናዎችን አማካይ ውጤት የሚያሰላ ፕሮግራም እንዲጽፍ ቢታዘዝ ምን ያደርጋል? በአብዛኞቹ የፕሮግራም ቋንቋዎች ድምሩን ከዜሮ ይጀምራል፤ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ እየወሰደ ይደምራል፤ ብዛታቸውን ይቆጥራል፤ በመጨረሻም ያካፍላል። ጄ በተባለው ቋንቋ ግን ሥራው በአንድ መስመር ይጠናቀቃል፦

(+/ % #) 62 71 80 55

መልሱ 67 ነው። «+/» ድምርን፣ «#» ብዛትን፣ «%» ደግሞ ማካፈልን ያመለክታሉ። ፕሮግራም አውጪው የሚያስበው ስለ እያንዳንዱ ቁጥር ሳይሆን ስለ ሙሉው የቁጥሮች ድርድር ነው። እንዲህ ያለው የቁጥሮች ድርድር አሬይ ይባላል፤ ቋንቋዎቹም የአሬይ ቋንቋዎች የተባሉት በዚህ ምክንያት ነው። በፓይተን ናምፓይን የተጠቀመ ተማሪ የዚህን አስተሳሰብ አንድ ክፍል ቀምሷል ማለት ይቻላል።

አነሳሱ

የዘርፉ መሥራች እ.ኤ.አ. በ1920 በካናዳ የተወለደው ኬኔት አይቨርሰን ነው። አይቨርሰን በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር የስሌት አሠራሮችን በአጭሩና በትክክል የሚገልጽ የአጻጻፍ ሥርዓት አዘጋጀ። ይህንንም በ1962 «ኤ ፕሮግራሚንግ ላንጉዌጅ» በሚል ርዕስ በመጽሐፍ አሳተመው። ኤ.ፒ.ኤል. የተባለው ቋንቋ ስሙን ያገኘው ከዚህ ርዕስ ነው። አይቨርሰን በ1979 የቱሪንግ ሽልማትን የተቀበለ ሲሆን፣ በ1990 ደግሞ ከሮጀር ሁይ ጋር በመሆን በተለመደው የኮምፒዩተር ቁልፍ ሰሌዳ ብቻ የሚጻፈውን ጄን አስተዋወቀ።

አንድ የግል ስሕተት

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በውጭ አገር ለዶክትሬት በሚያጠናበት ወቅት ኤ.ፒ.ኤል.ን ለመማር ወስኖ ከቤተ መጻሕፍት የተዋሰው ይህንኑ የ1962 መጽሐፍ ነበር። ቋንቋውን ከመሥራቹ ከራሱ መማር የተሻለ መስሎት ነበር። ሆኖም በገጹ ላይ ያለው አጻጻፍ ኮምፒዩተሩ ከሚቀበለው ጋር አልገጥም አለ። ከብዙ ድካም በኋላ «ይህ ትምህርት ከአቅሜ በላይ ነው» ብሎ መጽሐፉን መለሰ። ምክንያቱን የተረዳው ዘግይቶ ነው፦ መጽሐፉ የተጻፈው ቋንቋው በኮምፒዩተር ላይ ከመዋሉ በፊት ሲሆን፣ ኤ.ፒ.ኤል. በ1966 ሥራ ላይ ሲውል አጻጻፉ በብዙ መልኩ ተለውጦ ነበር። እንግዲህ ችግሩ ከአእምሮ ማነስ ሳይሆን ከመጽሐፍ ምርጫ የመጣ ነበር። ያለ መምህር ብቻውን የሚማር ተማሪ ይህን ልዩነት ካላወቀ በከንቱ ተስፋ ሊቆርጥ ይችላል።

ሦስት መመዘኛዎች

አንደኛ፣ መጽሐፉ በእጃችን ላለው ቋንቋ የተጻፈ መሆን አለበት። ቋንቋዎቹ ዘመዳሞች ቢሆኑም አንድ አይደሉም። ለምሳሌ «+/» በአንድ ማትሪክስ ላይ ሲውል በኤ.ፒ.ኤል. የየረድፉን ድምር ይሰጣል፤ በጄ ግን የየአምዱን ድምር ይሰጣል። የአንዱን መጽሐፍ ይዞ በሌላው ላይ የሚለማመድ ተማሪ ስሕተቱ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ይቸገራል።

ሁለተኛ፣ ጥሩ መጽሐፍ ሕጉን ብቻ ሳይሆን ምክንያቱንም ያስረዳል። በእነዚህ ቋንቋዎች ስሌት የሚካሄደው ከቀኝ ወደ ግራ ነው። ስለዚህ «10 - 3 - 2» በትምህርት ቤት እንደተማርነው 5 ሳይሆን 9 ይሆናል፤ አስቀድሞ የሚሠራው 3 ሲቀነስ 2 ነውና። ይህ መጀመሪያ እንግዳ ቢመስልም ጥቅም አለው። «-/» በአንድ ድርድር ላይ ሲውል ቁጥሮቹን በየተራ እየደመረና እየቀነሰ ይሄዳል። በዚህም የላይብኒትዝን የፓይ ተከታታይ እንዲህ መጻፍ ይቻላል፦

4 * -/ % 1 3 5 7

እዚህ ላይ «%» በግራው ቁጥር ስለሌለ የእያንዳንዱን ቁጥር ግልባጭ ይሰጣል፤ «*» ደግሞ ማባዛት ነው። ውጤቱ 2.89524 ሲሆን፣ ጎዶሎ ቁጥሮችን እየጨመርን ስንሄድ ወደ ፓይ ይቀርባል። ሕጉን እንዲህ ባለ ምሳሌ ያስረዳ መጽሐፍ አይረሳም።

ሦስተኛ፣ መልመጃዎች ከነመልሳቸው ሊኖሩት ይገባል። መምህር ለሌለው አንባቢ መልሱ ራሱ መምህር ነው።

የትኞቹን?

ኤ.ፒ.ኤል.ን ለሚጀምር ተማሪ የቤርናር ለግራን «ማስተሪንግ ዳያሎግ ኤ.ፒ.ኤል.» (2009) ተስማሚ ነው። መጽሐፉ ወፍራም ቢሆንም አካሄዱ የተረጋጋ ነው፤ በኢንተርኔት በነፃ ስለሚገኝም በአገራችን ላለ ተማሪ ትልቅ ጥቅም አለው። በ1970 የወጣው የጊልማንና የሮዝ መጽሐፍ አንባቢውን እያስሞከረ በማስተማሩ ይታወቃል፤ ነገር ግን ድርድርን በድርድር ውስጥ ማስቀመጥን የመሳሰሉ ኋላ የመጡ ችሎታዎች ስለሌሉበት ለብቻው አይበቃም።

ጄን ለመረጠ ደግሞ የሮጀር ስቶክስ «ለርኒንግ ጄ» ከዜሮ ለሚነሳ ይስማማል። የሄንሪ ሪች «ጄ ፎር ሲ ፕሮግራመርስ» ግን ርዕሱ እንደሚያመለክተው የሲን ቋንቋ ወይም መሰሉን ለሚያውቅ ነው። ሁለቱም በነፃ ይነበባሉ።

አይቨርሰን የቱሪንግ ሽልማትን ሲቀበል ያቀረበውና በ1980 የታተመው፣ ምልክት የማሰቢያ መሣሪያ መሆኑን የሚያስረዳው ንግግር ጥቂት ወራት ከተለማመዱ በኋላ ሊነበብ የሚገባው ነው። የ1962ቱ መጽሐፍም የሐሳቡን ታሪክ ለሚያጠና ሰው ዋጋው ዛሬም ከፍተኛ ነው።

በመጨረሻም፣ የትኛውም መጽሐፍ ቢመረጥ ከኮምፒዩተሩ ጎን ተቀምጦ መነበብ አለበት። አንድን መስመር ከመተየብ በፊት መልሱን በወረቀት ላይ መገመት፣ ከዚያም ማስተያየት ይጠቅማል። ግምቱና ውጤቱ ሲለያዩ መጽሐፉን ከመዝጋት ይልቅ መስመሩን ከቀኝ ጀምሮ ቁራጭ በቁራጭ መሞከር ይገባል። ይህም ሆኖ ካልተገለጠ፣ ተማሪው ችሎታውን ከመጠራጠሩ በፊት መጽሐፉን ይጠራጠር።