ሁለተኛው ስንብት፦ ከአስተናጋጅ ቤተሰብ መለየት ለምን ይከብዳል?

ለትምህርት ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ወጣት ሁለት ጊዜ ይሰናበታል። ከወላጆቹና ከአገሩ የሚለይበትን የመጀመሪያውን ስንብት ሁሉም ያውቀዋል፤ ይዘጋጅበታልም። ሁለተኛው ግን እንደ ልጅ ካኖሩት ባዕዳን ቤተሰብ የሚለይበት ነው። ከወላጆቹ ሲለይ «እመለሳለሁ» ማለት ይችላል፤ አስተናጋጆቹን ዳግም ስለማየቱ ግን እርግጠኛ መሆን አይችልም። ለመሆኑ ከጥቂት ወራት በፊት የማያውቃቸው ሰዎች መለየት ይህን ያህል የሚከብደው ለምንድን ነው?

እንግሊዛዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ጆን ቦውልቢ እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተመው መጽሐፍ ሕፃን ከአሳዳጊው ጋር የሚፈጥረው ቁርኝት ከምግብ ፍላጎት የመነጨ ብቻ ሳይሆን ራሱን የቻለ የተፈጥሮ ሥርዓት መሆኑን አስረድቷል። ከእርሱ በኋላ የተነሡ ተመራማሪዎች ቁርኝት በአዋቂነትም እንደማይቋረጥ አሳይተዋል። ሲያመን የሚያስታምመን፣ ስንዘገይ የሚጠብቀን ሰው፣ የሥጋ ዘመድ ባይሆንም፣ አእምሯችን የደኅንነት መጠጊያ አድርጎ ይመዘግበዋል።

በሰሜን አሜሪካ የሚገኝ አንድ የሜዳ አይጥ ዝርያ ከአንድ ጓደኛ ጋር ተጣምሮ በመኖር ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣ ጥናት ተመራማሪዎች አንዳንዶቹን ወንድ አይጦች ከእንስት ጓደኞቻቸው፣ ሌሎቹን ደግሞ ከወንድሞቻቸው ለዩ። ከእንስት ጓደኞቻቸው የተለዩት የጭንቀት ሆርሞናቸው ጨመረ፤ ውኃ ውስጥ ሲገቡም ለመዋኘት ከመታገል ይልቅ ዝም ብለው መንሳፈፍን አበዙ። ከወንድሞቻቸው የተለዩት ግን እንዲህ አልሆኑም። ይበልጥ የሚያስደንቀው፣ የጭንቀትን ሥርዓት የሚያነሣሣው ኬሚካል መመሪያ ከእንስት ጋር በተጣመሩት ወንዶች አንጎል አንድ ክፍል ውስጥ ሳይለያዩም ጨምሮ መገኘቱ ነው። በሌላ አነጋገር የመለያየት ሕመም የሚዘጋጀው በመለያየት ቀን ሳይሆን በመዋደድ ጊዜ ነው።

እርግጥ ነው፣ ሰው አይጥ አይደለም፤ የጥንዶች ፍቅርና የቤተሰብ ፍቅርም አንድ አይደሉም። ፍቅርን በአንድ ሆርሞን ብቻ ለማስረዳት መሞከርም አያዋጣም። እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣ ጥናት የኦክሲቶሲን መቀበያ የሌላቸው የሜዳ አይጦች ጭምር ጓደኛ መያዝ እንደሚችሉ ታይቷል። ቢሆንም መለየት የሐሳብ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የአካልም ጉዳይ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ከስንብቱ በኋላ ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። ኖርዌያዊው ስቬሬ ሊስጋርድ እ.ኤ.አ. በ1955 ወደ አሜሪካ ሄደው የነበሩ ኖርዌያውያንን አጥንቶ፣ በእንግድነት መጀመሪያ ደስታ፣ በመካከል ቅሬታ፣ በመጨረሻም መላመድ እንደሚከተል ገለጸ። እ.ኤ.አ. በ1963 ጆንና ጂን ጉላሆርን የተባሉ ተመራማሪዎች አገር ቤት ሲመለሱም ይኸው ውጣ ውረድ እንደሚደገም አከሉበት። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ሁሉም ሰው በዚህ መንገድ እንደማያልፍ ቢያሳዩም፣ ተመላሹ በገዛ ቤቱ እንግድነት ሊሰማው እንደሚችል ግን ማወቅ ይበጃል። «አገርህ ገብተህ ምን አስከፋህ?» የሚሉት ዘመዶቹ፣ ሌላ ቤተሰብ ትቶ እንደመጣ ላያስተውሉ ይችላሉ።

ታዲያ ምን እናድርግ? አንዳንዱ ተማሪ ሕመሙን ለመሸሽ መሄጃው ሲቃረብ ከቤተሰቡ ይርቃል፤ በትንሽ በትልቁም ይነጫነጫል። ይህ የፍቅር መጉደል ሳይሆን የፍርሃት ምልክት ሊሆን ስለሚችል ምክንያቱን መናገር ከመራቅ ይሻላል። ምስጋናንም ለአውሮፕላን ማረፊያ ጥድፊያ ማቆየት አይገባም። ሻንጣ ከመታሰሩ ቀደም ብሎ፣ ማዕድ ላይ ተቀምጦ፣ በቋንቋቸው፣ ያደረጉለትን ነገር በስሙ እየጠሩ ማመስገን መልካም ነው። «ስለ ሁሉም አመሰግናለሁ» ከማለት «በታመምኩ ሌሊት አጠገቤ ስለተቀመጡ» ማለት ይበልጣል። ከተመለሱም በኋላ መጻፍና መደወል ያስፈልጋል፤ ቁርኝት በርቀት ይፈተናል እንጂ በርቀት ብቻ አይበጠስም። አስተናጋጆቹ በዕድሜ የገፉ ከሆኑ ደግሞ ለነገ የተባለው ምስጋና ሰሚ ሊያጣ ይችላልና ዛሬውኑ መነገር አለበት።