ጀሶው ተፈታ፣ እጁ ገና ነው

ጀሶው በመጋዝ ተሰንጥቆ ሲወልቅ ከውስጡ የሚወጣው እጅ ባለቤቱን ያስደነግጣል። ክንዱ ከስቷል፣ ቆዳው ደርቆ ይላጣል፣ የእጅ አንጓው ወደ ላይም ወደ ታችም አልታዘዝ ይላል። ብዙ ሰው ያኔ ከሁለት አንዱን ያስባል፤ ወይ አጥንቱ በደንብ አልገጠመም፣ ወይም ደግሞ ጊዜ ሲያገኝ በራሱ ይፍታታል። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም ግምት ልክ አይደለም። አጥንቱ ይዟል፤ የተገተረው በዙሪያው ያለው ጅማትና የመገጣጠሚያው ሽፋን ነው። ስለዚህ ጀሶው የተፈታ ቀን ሕክምናው ገና እኩሌታው ላይ ነው፣ ቀሪውን የሚሠራው ደግሞ በዋናነት የእጁ ባለቤት ራሱ ነው።

በብዛት የሚያጋጥመው ስብራት አዳልጦት እጁን ዘርግቶ መሬት የተደገፈ ሰው ላይ የሚደርሰው ነው፤ የሚሰበረው በአውራ ጣት በኩል ያለው የክንድ አጥንት ጫፍ ነው። አየርላንዳዊው ቀዶ ሐኪም አብርሃም ኮሊስ ኤክስሬይ ባልነበረበት ዘመን፣ በ1814 እ.ኤ.አ.፣ ይህን ስብራት ሲገልጽ እጁ ውሎ አድሮ ሙሉ እንቅስቃሴውን ያገኛል ብሎ ነበር። ተስፋው ለብዙዎች ሠርቷል፣ ለሁሉም ግን አልሠራም። አንጓ 8 ትንንሽ አጥንቶች እርስ በርስ እየተንሸራተቱ የሚያንቀሳቅሱት መገጣጠሚያ ነው። 5 ወይም 6 ሳምንት ታስሮ ሲቆይ ሽፋኑ ይኮማተራል፣ ጅማቶቹ ከአካባቢያቸው ጋር ይጣበቃሉ፣ ሥራ የፈታው ጡንቻም ይሟሽሻል። ጤነኛ አንጓ ወደ መዳፍ በኩል እስከ 80፣ ወደ እጅ ጀርባ እስከ 70 ዲግሪ ገደማ ይታጠፋል። ለአብዛኛው የዕለት ሥራ በሁለቱም በኩል 40 ያህሉ ይበቃል፤ ይህ ትልቅ መጽናኛ ነው። ከሁሉ የሚረሳው መዳፍን ወደ ላይ መገልበጥ ነው። ፊት ለመታጠብ ውሃ በእፍኝ መያዝ፣ መልስ መቀበል፣ ቆሎ መዝገን፣ ሁሉም ያለ እሱ አይሆንም።

እንቅስቃሴው ቀላል ነው፤ ከባዱ ሳይታክቱ መደጋገሙ ነው። ክንድን ጠረጴዛ ላይ አስተኝቶ፣ እጁን ከጠርዙ ውጭ ለቆ፣ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ማንሳት፣ ጫፍ ላይ ጥቂት ሰከንድ ማቆየት፣ ከዚያ ወደ ታች ማውረድ። ቀጥሎ ክርንን ከጎን አጣብቆ መዳፍን ወደ ላይና ወደ ታች መገልበጥ። ጣቶችንም እስከ መጨረሻው ዘርግቶ መልሶ መጨበጥ። እያንዳንዱን 10 ጊዜ ያህል፣ በቀን 4 ወይም 5 ጊዜ። እጁን አስቀድሞ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ መንከር ያላላዋል፤ ካበጠ ደግሞ ከልብ ከፍ አድርጎ ማሳረፍ ይረዳል። ጉልበት የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ መጀመሪያ ስፖንጅ ወይም ሊጥ መጭመቅ፣ ሐኪሙ ሲፈቅድ ግማሽ ሊትር ውሃ የያዘ ጠርሙስ ማንሳት።

«የቤት ሥራዬ ራሱ እንቅስቃሴ አይደለም ወይ?» የሚል ይኖራል። ይረዳል፣ ግን ሰውነት ያጭበረብራል። አንጓው የተገተረበት ሰው ቁልፍ ሲያዞር ሳያውቀው ክርኑን ያነሳል፤ ሥራውን ትከሻው ይሠራለታል፣ አንጓው እንደተገተረ ይቀራል። «ያመኛል» የሚለውም ስጋት መልስ ይሻል። ሲዘረጉት የሚወጥርና ሲያሳርፉት የሚበርድ ሕመም የሚጠበቅ ነው። እስከ ማግሥቱ የሚቆይ ወይም እብጠት የሚያስከትል ከሆነ ግን በዝቷልና መቀነስ ያስፈልጋል። ወጌሻ ጋ ሄዶ በኃይል መታሸትስ? የወጌሻ ሙያ በአገራችን ሥር የሰደደ፣ ብዙዎች የሚያምኑት ነው። የተገተረን አንጓ በሌላ ሰው ጉልበት መጎተት ግን ያሰጋኛል፤ ሽፋኑ ቢቆስል ያብጣል፣ ሲድንም እንደገና ይኮማተራል። የራስ ጡንቻ ግን ገደቡ ላይ ሲደርስ ራሱ ያቆማል።

ከበድ ያለው ተቃውሞ ከራሱ ከሳይንሱ ይመጣል። የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚገመግመው ኮክሬን የተባለው ተቋም በ2015 እ.ኤ.አ. 26 ጥናቶችን መርምሮ የትኛው የማገገሚያ ሕክምና ከየትኛው እንደሚበልጥ ለመወሰን ማስረጃው አይበቃም ብሏል። ከዚህ ተነስቶ «እንግዲያው መልፋት ከንቱ ነው» ማለት ግን አያስኬድም። ከጥናቶቹ ብዙዎቹ ያነጻጸሩት አንዱን የማገገሚያ ዘዴ ከሌላው ጋር ነው። በደንብ ተነግሮት እንቅስቃሴውን ቤቱ ሆኖ የሠራ ሰው ውጤት በክሊኒክ ከታገዘው ያላነሰባቸው አሉ። ፊዚዮቴራፒስት በቅርቡ ለሌለው ሰው ይህ ተስፋ ነው፤ ቢያንስ አንዴ ተገናኝቶ እንቅስቃሴውን በትክክል ከተማረ ቀሪውን ራሱ ሊገፋበት ይችላል።

ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም የሚያስመልሱ ምልክቶችም አሉ፦ እየባሰ የሚሄድ የሚያቃጥል ሕመም ከቆዳ ቀለም መለወጥና ከእብጠት ጋር፣ ከአውራ እስከ መሐል ጣት የሚዘልቅ መደንዘዝ፣ ወይም አውራ ጣት በድንገት አልነሳ ማለት፤ ይህ የመጨረሻው ምልክት ጅማት ሲበጠስ የሚታይ ነው። እነዚህ ከሌሉ ትልቁ ለውጥ በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ይመጣል፣ መሻሻሉም እስከ ዓመት ይቀጥላል። ከሁሉ ዘግይተው የሚመለሱት ጥብቅ ጭበጣና መጠምዘዝ አንድ ላይ የሚጠይቁት ሥራዎች ናቸው፤ የራሰ ጋቢ መጭመቅ፣ የሞላ ጀበና በአንድ እጅ አዘንብሎ መቅዳት።