የበጉን እናውቃለን፤ የእናታችንንስ?

ባለቤቴ የመንዝ ልጅ ነው። አማቴ ዛሬም የሚኖሩት ከመሃል ሜዳ ወጣ ብሎ፣ ወደ ጓሳ በሚወስደው መንገድ ባለች አንዲት መንደር ነው። ጓሳን ላላያችሁ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍ ያለ፣ ስሙን በሰጠው የጓሳ ሣር የተሸፈነ ብርዳም ደጋ ነው። ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮ ይኖሩበታል። የአካባቢው ሕዝብ ሣሩን በራሱ ሥርዓት ለዘመናት እየጠበቀ አኑሮታል። የዚያ አገር ሰው ሀብቱ በግ ነው።

ሙሽራ ሆኜ መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ አማቴ በጎቻቸውን ሲያዩ ቆሜ ተመለከትኩ። አንዷን በግ በጉልበታቸው መሐል ያዝ አደረጉና የታችኛውን የዐይኗን ቆብ በአውራ ጣታቸው ወደ ታች ሳብ አደረጉት። «ይቺ ደሟ አልቋል» አሉና ለብቻዋ አስቀሯት። ሌላዋን አይተው፣ «ይቺ ደህና ናት፣ ቀይ ነው» ብለው ለቀቋት። ያን ጊዜ ሳቅ ብዬ አለፍኩት። ሳይንስ መሆኑን ያወቅኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የደቡብ አፍሪካ የእንስሳት ሐኪሞች የበግን የዐይን ቆብ ቀለም ከአንድ ባለ ቀለም ካርድ ጋር እያስተያዩ ደም የሚመጥጥ የሆድ ትል ምን ያህል እንደጎዳት የሚለኩበትን ዘዴ አዘጋጁ። ካርዱ ወደ ብዙ አገሮች ተዳርሷል። አማቴ ግን ያለ ካርድ ያውቁት ነበር።

ታዲያ ይህን የሚያውቁ እናት የራሳቸው ደም ሲናገር ያልሰማናቸው እኛ ነን። የምጽፍላችሁ ስለዚህ ነው።

መሳቢያ ውስጥ የቀረው ወረቀት

በ2010 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ አማቴን ጉልበታቸውን ስላመማቸው ወደ አዲስ አበባ አመጣናቸው። በአንድ ክሊኒክ ደም ተሰጠ። ውጤቱ በማግስቱ ሲደርስ ያዘዘው ሐኪም አልነበረም። ወረቀቱን ይዤ ወደ ቤት መጣሁ። ከቁጥሮቹ መሐል «ክሪያቲኒን 1.6» የሚል አለ፤ አጠገቡ አንዲት የእንግሊዝኛ ፊደል «ኤች» ተጽፋለች። ከፍ ብሏል ማለት መሆኑን አላወቅኩም። ሐኪሙ ሲመለስ አሳየዋለሁ ብዬ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት። እማማ «አዝመራው ሳይሰበሰብ እዚህ ምን እሠራለሁ?» ብለው ሄዱ። እኔም ረሳሁት።

የከፋው ደግሞ ይህ ነው፤ ጉልበታቸውን እንዲያስታግስላቸው ብዬ ዲክሎፌናክ ከፋርማሲ እየገዛሁ መንገደኛ ባገኘሁ ቁጥር እልክላቸው ነበር። ለእናት ያደረግኩት ደግ ሥራ ይመስለኝ ነበር።

በቀጣዩ ሐምሌ እግራቸው አብጦ፣ ምግብ አልወርድ ብሏቸው መጡ። የደም ግፊታቸው እጅግ ከፍ ብሎ ነበር። ክሪያቲኒናቸው 2.6 ሆኖ ተገኘ። ሐኪሟ፣ «ከዚህ በፊት የተደረገ ምርመራ አለ?» ብላ ስትጠይቀኝ መሳቢያው ትዝ አለኝ። ቤት ሄጄ ወረቀቱን ሳወጣው እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሐኪሟ አየችው፤ አልተቆጣችም። «ያን ጊዜ ብናገኘው ጥሩ ነበር» ብቻ አለች። ከቁጣ ሁሉ የከበደኝ ይህ ነው።

ደም ምን ይናገራል?

ደማችን በሰውነታችን ውስጥ ያልደረሰበት ስፍራ የለም። ምግብ ያደርሳል፣ ጥራጊውን ይዞ ይመለሳል። ስለዚህ አንዱ የሰውነት ክፍል ሥራው ሲስተጓጎል ዱካው ደም ላይ ይቀራል። ከክንዳችን የተወሰደው ደም ሲረጋና ሲለይ ከላይ የሚቀረው ቢጫማ ውኃ ሴረም ይባላል። ላቦራቶሪው የሚለካው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ውስጥ የሟሟውን ነው።

ክሪያቲኒን የጡንቻችን ጥራጊ ነው። ጡንቻ በየቀኑ ያመርተዋል፣ ኩላሊት ያጣራዋል። ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ ይጠራቀማል። ልብ በሉ፤ ኩላሊት ግማሽ ያህል አቅሙን እስኪያጣ ድረስ ይህ ቁጥር ብዙ ላይንቀሳቀስ ይችላል፤ ሰውየውም ምንም አይሰማው ይሆናል። እንግዲህ «ትንሽ ከፍ ብሏል» የሚባለው ነገር ትንሽ አይደለም። እንደ ዲክሎፌናክ ያሉ ማስታገሻዎች ደግሞ ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ይቀንሳሉ፤ በዕድሜ በገፋና የደም ግፊት ባለበት ሰው ላይ ጉዳቱ ይብሳል።

የጉበት ሕዋስ ሲጎዳ በውስጡ የነበሩ ኢንዛይሞች ወደ ደም ይፈስሳሉ። ወረቀቱ ላይ «ኤስጂኦቲ»ና «ኤስጂፒቲ» ተብለው የሚጻፉት እነዚህ ናቸው። ስኳርን ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ምግብ ሳይቀመስ ሲለካ ከ100 በታች ደህና ነው፣ ከ100 እስከ 125 ማስጠንቀቂያ ነው፣ በተደጋገመ ምርመራ 126ና ከዚያ በላይ ከሆነ የስኳር በሽታ ነው።

ከበግ የምንማረው

በደጋችን ረግረግ ላይ የሚግጥ በግ የጉበት ትል ይይዘዋል። ትሉ ጉበቱን ይበላል፣ ከሐሞት ቧንቧው ደም ይመጣል። ጉበት የሚሠራውና አልቡሚን የሚባለው ፕሮቲን ከደሙ ውስጥ ያንሳል። የአልቡሚን ሥራ ውኃን በደም ሥር ውስጥ መያዝ ነው። እሱ ሲያንስ ውኃው ወደ ሥጋ ይወጣል፤ በጉም አገጩ ሥር ያብጣል። እረኛ ሁሉ ይህን እብጠት ያውቀዋል። ነገር ግን እብጠቱ የታየ ዕለት በሽታው ከጀመረ ሰንብቷል። የጉበቱ ኢንዛይሞች ደሙ ላይ ቀደም ብለው ከፍ ብለው ነበር።

በሰውም እንዲሁ ነው። በምግብ እጥረት የተጎዳ ሕፃን እግሩ ሲያብጥ፣ ጉበቱ ወይም ኩላሊቱ የታመመ ሰው ፊቱ ሲነፋ፣ የአልቡሚን ማነስ አብሮ ይገኛል። «ወፈረ፣ አማረበት» ብለን ያለፍነው ስንቱ ይሆን?

ይህ ትምህርት እዚያው ሰሜን ሸዋ ውስጥ ተፈትኗል። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ደብረ ብርሃን ላይ የዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ባለሙያዎች የመንዝንና የሆሮን በጎች ጎን ለጎን አርብተው የሆድ ትልን ምን ያህል እንደሚቋቋሙ አጥንተዋል። ከተከታተሏቸው ነገሮች አንዱ የደማቸው የቀይ ሕዋስ መጠን ነበር።

የጓሳዎቹ ጭላዳዎችም የሚያስተምሩን አለ። ከ2005 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ተመራማሪዎች አንድ በአንድ እየለዩ ይከታተሏቸዋል። አንዳንዶቹ ላይ የሚታየው ትልቅ እብጠት ከውሻና ከቀበሮ ወገን የሚመጣ የኮሶ ትል ዓይነት የሚያስከትለው ነው። በ2015 (እ.ኤ.አ.) በወጣው ጥናት መሠረት እብጠቱ ያለባቸው ጭላዳዎች ይበልጥ ይሞታሉ፤ የታመሙት እናቶች ልጆችም እንዲሁ ይበልጥ ይሞታሉ። የእናት ጤና የልጅ ዕድሜ ነው፤ በዱር እንስሳ እንኳ።

ቁጥሩ የማን ነው?

አንድ ቁጥር ለሁሉ አንድ ትርጉም የለውም። የበግ ስኳር በተለመደው ጊዜ ከ50 እስከ 80 ገደማ ነው። ያመነዠከችው ሣር በሆዷ ውስጥ ስለሚብላላ ስኳሩን ጉበቷ ራሱ ይሠራዋል። ሰው 50 ቢሆን ግን ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል። «ኤስጂፒቲ» የሰውን ጉበት ጉዳት ያሳያል፤ የበግን ጉበት ለማወቅ ግን አይረባም፤ የእንስሳት ሐኪም ሌላ ኢንዛይም ይለካል።

ሰውም ከሰው ይለያያል። በደቡብ አሜሪካ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች አየሩ ስለሚሳሳባቸው ሄሞግሎቢናቸው ይጨምራል። በ2002 (እ.ኤ.አ.) በታተመ ጥናት ግን ስሜን ውስጥ አምባራስ ላይ፣ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ 236 ወገኖቻችን ሲመረመሩ ሄሞግሎቢናቸው በባሕር ዳርቻ ከሚኖር ሰው ብዙም የማይለይ ሆኖ ተገኘ። በ2022 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ የስሜን ጭላዳዎችም ሄሞግሎቢናቸው በከፍታው ምክንያት እንዳልጨመረ ተጻፈ፤ እነሱ የሰፋ ደረት አላቸው። አምላካችን በአንድ ከፍታ ላይ ስንት መንገድ እንዳዘጋጀ ተመልከቱ!

እንግዲህ ወረቀቱ ላይ ያለውን ቁጥር ከጎረቤታችሁ ጋር እያወዳደራችሁ አትፍሩ፣ አትጽናኑም። ዕድሜ፣ ጾታ፣ እርግዝና፣ የሚወሰድ መድኃኒት፣ ከባድ ሥራ፣ የደሙ አቀዳድ ሁሉ ይለውጡታል። ትርጉሙን የሚሰጠው ሰውየውን የሚያይ ሐኪም ነው። ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ የራሳችሁን የዛሬ ቁጥር ከራሳችሁ የትናንት ቁጥር ጋር ማስተያየት ነው።

ስለ ጸሎትና ስለ ምርመራ

በቤተ ክርስቲያናችን ደጋግሜ የምሰማው ጥያቄ አለ። «እኅቴ፣ መመርመር እምነት ማጣት አይሆንም ወይ?» ይሉኛል። ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ቆላስይስ ሰዎች ሲጽፍ ሉቃስን ሐኪም ብሎ ጠርቶታል፤ አላፈረበትም። መጽሐፈ ምሳሌም በምዕራፍ 27 መንጋ ያለው ሰው የመንጋውን ይዞታ እንዲከታተል ይመክራል። ለበግ እንዲህ ከሆነ ለእናትና ለባል፣ ለራስስ እንዴት አብልጦ አይሆን? ጸልዩ፤ ደማችሁንም ተመርመሩ። ከጸሎት በኋላ ተፈወስኩ የምትሉ ካላችሁ ደስ ይበላችሁ፤ መድኃኒታችሁን ግን ሐኪም ሳያያችሁ አታቁሙ። እውነተኛ ፈውስ ምርመራን አይፈራም።

ምን እናድርግ?

ከእኔ ስህተት ተማሩ፦

• ለስኳርና ለደም ቅባት ምርመራ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ምግብ ሳትቀምሱ ሂዱ። ውኃ መጠጣት ትችላላችሁ። የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ ግን አስቀድማችሁ ሐኪማችሁን ጠይቁ።

• የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ የአገር ባህል መድኃኒትም ቢሆን፣ ተናገሩ።

• ውጤቱን ይዛችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ከመደበኛው የወጣ አለ? ከየት የመጣ ሊሆን ይችላል? መቼ ይደገም?

• ወረቀቶቹን በየቀናቸው በአንድ ፋይል አስቀምጡ። ሐኪም ሳያየው ወደ መሳቢያ የሚገባ ወረቀት አይኑር።

• ለወላጆቻችሁ ማስታገሻ በየጊዜው አትላኩ። መጀመሪያ ግፊታቸውንና ኩላሊታቸውን አስመርምሩ።

እማማ ዛሬ

እማማ ማስታገሻውን ትተው የግፊት መድኃኒት ጀመሩ። ክሪያቲኒናቸው ወደ 2.2 ወርዶ እዚያው አካባቢ ቆመ። የሄደው የኩላሊት አቅም አልተመለሰም። ጨው ቀንሰዋል፤ በየሦስት ወሩም ደብረ ብርሃን ወርደው ይመረመራሉ። አንድ ቀን ይቅርታ ስጠይቃቸው፣ «ተይ ልጄ፣ አንቺ ምን ታውቂያለሽ? እኔም ብሆን አመመኝ አላልኩ» አሉኝ። ከዚያ ዝም አሉ፤ ከዝምታቸው ውስጥ ግን ያልተባለ ነገር እንደነበረ አውቃለሁ።

ባለፈው የገና ሰሞን ሄደን ነበር። ጠዋት በረዶው ሳይነሳ በጎቹን ሲያዩ አብሬያቸው ወጣሁ። የዐይን ቆቧን ገልጠው፣ «ቀይ ነው፣ ደህና ናት» አሉና አንዷን ለቀቁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «የእኔንስ ወረቀት አየሽው?» አሉኝ። ከቦርሳዬ አውጥቼ እዚያው በረቱ በር ላይ ቆመን ቁጥሩን አነበብኩላቸው። 2.2።

እናንተስ፣ የእናታችሁን መቼ አነበባችሁ?